የማይጠፋው እሳትና ያልተቃጠለችው ዕፅ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ወጣቶች፥ የዛሬው ጽሑፌ ኑዛዜ ቢጤ ነው።

በዩኒቨርሲቲ የምማረው ሥነ ምድር ነው። ባለፈው ዓመት መምህራችን በቱርክ አገር በአንታሊያ፥ ከጥንታዊቱ ኦሎምፖስ ከተማ አጠገብ ስለሚገኘው ያናርታሽ አስተማሩን። ትርጓሜው «የሚነድድ ድንጋይ» ማለት ነው። በዚያ ተራራ ከዐለት ስንጥቅ የሚወጣ ሚቴን ጋዝ ከ2000 ዓመታት በላይ ሲነድድ ኖሯል። ማታ በማደሪያችን አንድ ጓደኛዬ፥ «ዲያቆን፥ ሙሴ ያየውም እሳት ይኸው ጋዝ ነው» አለኝ። ሌሎቹ ሳቁ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ።

ያ ሳቅ እንቅልፍ ነሣኝ። በእሑዱ ቅዳሴ ጧፍ ይዤ ስቆም እጄ ከበደኝ። ስለዚህ ስለ ተራራው አነብብ ጀመር።

የጥንት ግሪኮች እሳት የሚተፋውን ኪሜራ የተባለ አውሬ ከዚያ ስፍራ ጋር ያያይዙት ነበር፤ ሄፋይስጦስ ለሚሉት የእሳት አምላክም በዚያ ቤተ ጣዖት ሠሩ። በኋላ ክርስቲያኖች ቤተ ክርስቲያን አነጹበት፤ ፍርስራሹ ዛሬም ይታያል። የኦሎምፖስ ኤጲስ ቆጶስ እንደ ነበረ የሚነገረው ሜቶድዮስ ደግሞ ስለ ትንሣኤ ሙታን በጻፈው መጽሐፍ ይህን ተራራ ያነሣል። እሳቱ ከምድር እንደሚወጣ አልካደም። እርሱን ያስደነቀው በእሳቱ አጠገብ ለምልማ የቆመችው ዕፅ ናት፤ እርሷን አብነት አድርጎ እግዚአብሔር ሥጋችንን መጠበቅ እንደሚችል አስተማረ።

ያን ጊዜ ስሕተቴ ገባኝ። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 3 ሙሴን የሳበው የእሳቱ መኖር ሳይሆን የቍጥቋጦዋ አለመቃጠል ነው። አባቶቻችንም ነበልባልና ሐመልማል ተዋሕደው የታዩባትን ዕፀ ጳጦስ፥ እሳተ መለኮትን በማኅፀኗ ተሸክማ ላልተቃጠለችው ለእመቤታችን ምሳሌ አድርገው አመሠጠሩ። የሥነ ምድር ትምህርት ያናርታሽ በምን እንደሚነድድ ይነግረኛል፤ ሙሴን በስሙ የጠራው ማን እንደ ሆነ ግን አይነግረኝም። ሁለቱን ጥያቄዎች የቀላቀልሁት እኔው ነበርሁ።

ባለፈው ሳምንት ይህን ሁሉ ለጓደኛዬ ነገርሁት። አልተከራከረኝም፤ «ታዲያ ያን ማታ ለምን ሳቅህ?» ብቻ አለኝ። ፈርቼ እንደ ነበር ነገርሁት።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ ትምህርታችሁን አትፍሩ፤ ተማሩ፥ ጠይቁ። መፍራት የሚገባን ሰው እንዳይስቅብን ብለን በእምነታችን ላይ አብረን መሳቅን ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።