ዘረፋ የሚማሩ ልጆች

"ፈጠራ አይማሩትም፤ ይዘውት ይወለዳሉ" የሚል አባባል ሙዚቃ ከተመረቁ ጓደኞቻችን አፍ አይጠፋም። ኖታ ፊታቸው ካለ እንከን አይወጣላቸውም። ኖታውን አንሥታችሁ "እስኪ ከራሳችሁ ተጫወቱ" ስትሏቸው ግን እጃቸው ይታሰራል። እኛ የፍኖተ ሰላም ልጆች አባባሉን አንቀበለውም። ምክንያት አለን።

አንደኛው ምክንያታችን አዝማሪው ነው። ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ባለው ገጠር፣ ጥር ሠርግ ላይ አንዱ ተነሥቶ ብር ይሸልምና "ተቀበል!" ብሎ ስንኝ ይነግረዋል። አዝማሪው እዚያው ዜማ ውስጥ አስገብቶ ይዘፍነዋል፤ ስለ ሸላሚውም የራሱን ይጨምርበታል። ሁሉም በአንዲት የፈረስ ጭራ ክር! ማን አስተማረው? አባቱ ወይም አጎቱ። አጠገባቸው ተቀምጦ ሰማ፣ ተከትሎ ዘፈነ፣ ሲሳሳት ተሳቀበት፣ ታረመ።

ሁለተኛው ቅኔ ቤት ነው። ጎጃም በዋሸራና በጎንጅ የታወቀችው በዚህ ነው። ተማሪው በሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ወደ ባለ ሦስት ቤቱ ዘአምላኪየ ይሻገራል፤ ቀስ በቀስ ባለ ስምንት ቤቱ መወድስ ላይ ይደርሳል። የቆጠረውን ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩ ያርመዋል። መምህሩም ራሱ እዚያው ይዘርፋል። (ዘረፋ ሲባል ባንክ እንዳይመስላችሁ፤ ቅኔን ከአእምሮ አፍልቆ ማውጣት ነው።) የሌላውን ቅኔ የራሴ ነው ማለት ነውር ነው። ልብ በሉ፦ መጀመሪያ ጠባብ ልክ፣ ከዚያ ሰፊ ነፃነት።

ጃዝም ክፍል ውስጥ ይሰጣል። ሙላቱ አስታጥቄ ቦስተን በርክሊ ገብቶ ተማረው፤ ከዚያ በእኛው ቅኝት ላይ አዋለው። በርክሊ እ.ኤ.አ. በ2012 የክብር ዶክትሬት ሰጠው።

ታዲያ ለዩኒቨርሲቲ የሙዚቃ ተማሪ የቅኔ ቤቱን መንገድ ብንሰጠውስ? ከትዝታ፣ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ አንዱን ይያዝ። አምስት ድምፅ ብቻ። መምህሩ አንዲት አጭር ሐረግ ይጫወት፤ ተማሪው ጓደኞቹ ፊት በሌላ ሐረግ ይመልስ። በሚቀጥለው ሳምንት በሁለት፣ ከዚያ በሦስት። የትናንቱን መድገም ክልክል!

የሚያሳስበን ጊዜው ነው። ሠርጎቻችን ወደ ኪቦርድና ዲጄ እያዘነበሉ ነው። አዝማሪነት ዛሬም የሚናቅ ሙያ ነው፤ ልጁ አልወርስም ቢል አንፈርድበትም። ያ ልጅ ማሲንቆውን የሰቀለ ዕለት የሚጠፋው ግን መሣሪያው አይደለም። ማሲንቆማ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትም ይሰጣል። የሚጠፋው ሰምቶ ወዲያው የሚመልሰው ጆሮ ነው።

ስለዚህ የሙዚቃ ክፍሎች ሆይ፣ አዝማሪውን ለበዓል ማድመቂያ ብቻ አትጥሩት። ለአንድ ሴሚስተር ደመወዝ ክፈሉትና ክፍል አስገቡት። ዲግሪ የለውም? የቅኔ መምህሩስ ዲግሪውን ከየት አመጣው?