ከአዲ አርቃይ በታች

ከደባርቅ ብርድ ተነስተን ሊማሊሞን እየተጠማዘዝን ወረድን። ዛሪማን አልፈን አዲ አርቃይ ስንደርስ ጋቢዬን አጥፌ ጉልበቴ ላይ አስቀምጬ ነበር። የመጣሁት ውሃ ልከተል ነው፤ የሚጠጣውን ሳይሆን የተደፋውን።

ቡና የጠጣሁባት ቤት ባለቤት የሳፋ እጣቢያቸውን መንገድ ዳር ካለው ቦይ ደፉት።

“እናቴ፣ ይሄ ወዴት ይሄዳል?”

“ወደ ታች ነዋ፣ ልጄ። የቀረውን ክረምት ይጠርገዋል።”

ልክ ናቸው፤ ወደ ታች ነው። የዚህ አካባቢ ውሃ ሁሉ ወደ ተከዜ ይወርዳል። ተከዜ ወደ ታች ሲዘልቅ ሰቲት ተብሎ ሱዳን ውስጥ ከአትባራ ይገናኛል፣ አትባራ ዓባይን ይቀላቀላል፣ ዓባይም ሜዲትራኒያን ይገባል። የአዲስ አበባ ፍሳሽ ግን በአቃቂ በኩል አዋሽ ገብቶ ባሕር ሳያይ አቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል። ተራራ ሥር ያለችው ትንሿ ከተማ ባሕር አላት፤ ዋና ከተማዋ የላትም።

ሆኖም የትንሿ ከተማ እድፍ ባሕር ድረስ አይዘልቅም። በመንገዱ ይዘቅጣል፣ ይቀጥናል፣ ብዙውን ጀርም ፀሐይና ጊዜ ይገድሉታል። የሚጎዳው ከከተማው በታች ጅረት ውስጥ ጀሪካኗን የምትነክረው ልጅ ናት። የአዲ አርቃይ የባሕር ዳርቻ ያ ጅረት ነው፤ በእግር የሚደረስበት።

ቦዩን ተከትዬ ስወርድ እጣቢው ይታያል፣ ይሸታል፤ ሰውም ያማርረዋል። እኔን ያሳሰበኝ ያልታየው ነው፤ በየጓሮው የሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ የሚጠራቀመው። ጉድጓዱ በሞላበት ሐምሌ ጎርፍ ከገባበት ያለውን ሁሉ ይዞ ይወጣል። በ2008 ዓ.ም. አተት (አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት) በብዙ የአገራችን አካባቢዎች ሲዛመት፣ መንገዱ ይኸው በዓይነ ምድር የተበከለ ውሃና ምግብ ነበር።

መፍትሔው ሲነሳ ብዙ ጊዜ የአዲስ አበባው የቃሊቲ ፍሳሽ ማጣሪያ ይጠቀሳል። በ1970ዎቹ በኩሬ የጀመረው ይህ ማጣሪያ ዛሬ በቀን 100 ሺህ ሜትር ኩብ እንዲያጣራ ሆኖ ተስፋፍቷል። ያ ግን ቤት ለቤት የተዘረጋ ቧንቧ፣ ኤሌክትሪክና ባለሙያ ይፈልጋል። አዲ አርቃይ እሱን እንድትጠብቅ መንገር ግፍ ይመስለኛል። የሚያስፈልጋት በየተራ ጉድጓድ የሚመጥ መኪና፣ ከከተማው ራቅ ብሎ ደግሞ የዝቃጭ ማድረቂያ መደብ ነው። ከታች ጠጠር፣ ከላይ አሸዋ ይነጠፋል፤ ዝቃጩ በስሱ ይፈስበታል፤ ውሃው ወደ ታች ሰርጎ በቦይ ወደ ትንሽ ኩሬ ይሄዳል፤ የቀረውን ፀሐይ ያደርቀዋል። ከጥቅምት እስከ ግንቦት ደረቅ በሆነ አገር ይህ ፀሐይ በነፃ የተሰጠ ሠራተኛ ነው። የደረቀው ወዲያው ማሳ ላይ አይበተንም። የወስፋት እንቁላል ግትር ነው፤ ዝቃጩ በሞቃት አገር እንኳ ከዓመት በላይ ተከምሮ መቆየት አለበት። ከዚያ በኋላ ለማሽላ ማሳ ማዳበሪያ ይሆናል።

ከከተማው በታች ካለው ሜዳ አንድ የቀን ሠራተኛ አገኘሁና ስለ መደቡ ነገርኩት። ጥቂት አሰበና “መሬቱ አሁን አለ፤” አለኝ። “ቤት ከተሠራበት በኋላ ግን ማንም ሽታ አጠገቤ ይምጣ አይልም። የሚደረግ ከሆነ ቦታው ዘንድሮ ይከለል።”