“ማን ሰፋው?”

ለመሆኑ በእናንተ ቤት ከአያት የተረፈ መሶብ አለ? በእኛ ቤት አንድ ነበር፤ አሁን የለም። የሸጥኩት እኔ ነኝ። ያደግሁት ሀገር ጎብኚ በሚያልፍባት ከተማ ነው። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ሳለሁ ሻንጣቸውን በጀርባቸው ያዘሉ ሁለት ወጣቶች ቡና ሊጠጡ ቤታችን ገብተው መሶቡን ባዩ ጊዜ ዋጋውን ጠየቁ። እናቴ ዝም አለች። እኔ ግን ጫማዬ አልቆ ነበርና ዋጋ ጠራሁ። አንደኛው መሶቡን አቅፎ ሲወጣ እናቴ እስከ በር ሸኘችው። እስከ ዛሬ አንድም ቀን አንስታብኝ አታውቅም፤ እኔን የሚከብደኝም ይኸው ነው።

ይህን ነገር እንደገና የቀሰቀሰብኝ ባለፈው ዓመት ወደ ሐረር ያደረግሁት ጉዞ ነው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሆነችው የእህቴ ልጅና ጓደኞቿ ሀገራቸውን ለማየት ከአዲስ አበባ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ለመጓዝ ሲነሡ እኔም አብሬ ሄድኩ። በ16ኛው መቶ ዘመን አሚር ኑር ባሠሩት የጀጎል ግንብ ውስጥ፣ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2006 በዓለም ቅርስነት በመዘገባት በዚያች አሮጌ ከተማ፣ ለእንግዳ በተከፈተ አንድ የሐረሪዎች ቤት አደርን። የሐረሪን ቤት ያላያችሁ እንደ ሆነ፣ ሳሎኑ ከፍ ዝቅ ብለው የተሠሩ አምስት መደቦች አሉት፤ ግድግዳው በስፌት ያጌጠ ነው። ስፌቱ የሴቶቹ የእጅ ሥራ ነው።

ወጣቶቹ ታዲያ ምን አደረጉ? ሁሉም ስልኩን አወጣ። አንዱ የቤቱን እመቤት ሳያስፈቅድ ፎቶግራፍ ሲያነሣቸው ፊታቸውን በሻሻቸው ሸፈኑ። (ይህ ነውር መሆኑን ሳንነግር ልጆቻችንን የምንልክ እኛው ነን።) ከዚያም ጅብ ሲበላ ለማየት እየተሯሯጡ ወጡ። የእህቴ ልጅ ብቻ ወደ ኋላ ቀረችና አንዱን ስፌት እያሳየች፣ “እማማ፣ ይህን ማን ሰፋው?” አለቻቸው።

“እኔ ነኝ ልጄ። የሚመጣው ሁሉ ስንት ነው ይላል እንጂ ማን ሰፋው አይልም” አሉ። ስፌቱን ከግድግዳው አውርደው ጭኗ ላይ አስቀመጡላት። ለሠርጋቸው የሰፉት ነው፤ ወራት ፈጅቶባቸዋል። ቀጥለው ከሣጥን ውስጥ መዳፍ የማያህሉ ትንንሽ ስፌቶች አወጡ። “አሁን የምሰፋው ይህን ነው። ትልቁ ሻንጣችሁ ውስጥ አይገባማ!” ብለው ሳቁ።

እኔ ግን መሳቅ አቃተኝ። የስፌቱን ስፋት የሚወስነው የወጣት መንገደኛ ሻንጣ ሆኗል ማለት ነው! እርግጥ ነው፣ እነዚያ ትንንሾቹ ባይሸጡ ኖሮ ወስፌው ራሱ ከእጃቸው በወደቀ ነበር። ቤቱን ኖራ የሚያስቀቡትም በዚያው ገንዘብ ነው። ስለዚህ ወጣቶቹ አይግዙ አልልም። ነገር ግን ትልቁን የሚጠይቅ ሰው ሲጠፋ፣ የትልቁ አሰፋፍ፣ የቀለሙ አገባብና የጥለቱ አቆጣጠር ከእሳቸው ጋር ይሄዳል። ሙዚየም ዕቃውን ያኖር ይሆናል፤ እጁን ግን ከየት ያመጣል?

በማግሥቱ ጓደኞቿ ወደ ገበያ ሲወጡ የእህቴ ልጅ “ያስተምሩኝ” ብላ ቀረች። ሦስት ጊዜ ሰፋች፤ ሦስት ጊዜም አስፈቷት። የእማማ የልጅ ልጅ ከስልኳ ቀና እያለች ስታያት ቆይታ በመጨረሻ አላስችላት አለ፤ “እንደሱ አይደለም!” ብላ ወስፌውን ነጠቀቻት። ከእኔ ይልቅ የተገረሙት አያቷ ነበሩ።

“አንቺ ደግሞ መቼ ቻልሽ?”

“ስትሰፊ ሳይሽ ነዋ!”

ቤት ስንመለስ እናቴ ያላለቀውን ስፌት ተቀብላ ወደ መስኮቱ አስጠግታ አገላበጠችው። የድሮውን መሶብ ታነሣብኝ ይሆናል ብዬ ፈርቼ ነበር። እሷ ግን፣ “ይኸ ላልቷል” ብላ ሁለት ዙር ፈታችና፣ “እዚህ ቤት ወስፌ አለ?” አለችኝ። አልነበረም፤ ነጠላዬን አንሥቼ ልገዛ ወጣሁ።