የአባቴ ፈረስና የእኔ ኮሮላ

በመጽሔታችን ስለ ልጆች አስተዳደግና ስለ ትዳር ብዙ ይጻፋል። እኔ ግን ዛሬ ስለ መኪና ላወጋችሁ ነው። ይህ ደግሞ የቤተሰብ ጉዳይ ነው ወይ የሚል ካለ፣ አንድ አባወራ የዓመታት ቁጠባውን ይዞ ወደ ደላላ ሊሄድ ሲነሳ እቤቱ የሚነሳውን ክርክር አላየም ማለት ነው።

ተወልጄ ያደግኩት አጋርፋ ነው፤ የምሠራውና ከባለቤቴና ከ3 ልጆቻችን ጋር የምኖረው ሮቤ ነው። እናቴ፣ በቤታችን እንደምንጠራት አዮ፣ ዛሬም አጋርፋ ነች። ስለዚህ በየሳምንቱ በዚያ መንገድ እመላለሳለሁ።

አባቴ፣ አላህ ይዘንለትና፣ ፈረስ ነበረው። ለሥራው ቢሆን አህያና በቅሎ ይበቁት ነበር። እሱ ግን ገብስ የሚያበላውን፣ ልጓሙን በየጁሙዓው የሚወለውለውን ፈረስ አልሸጥም ብሎ ኖረ። ጎረቤት «ምን ይሠራልሃል?» ሲለው ይስቅ ነበር። በኋላ ቁርኣን ስቀራ ሱረቱ አን-ነሕል 8ኛው አንቀጽ ላይ ስደርስ የአባቴ ሳቅ ትዝ አለኝ። አላህ (ሱ.ወ.) ፈረስን፣ በቅሎንና አህያን ሲያነሳ ለመጋለቢያነታቸው ብቻ ሳይሆን ለጌጥነታቸውም መፈጠራቸውን ይነግረናል። ምቹ መጓጓዣ ከደስታ ምክንያቶች አንዱ መሆኑም ኢብን ሒባን በዘገቡት ሐዲስ መጥቷል። ስለዚህ መንዳት የሚያስደስተው ሰው ሊያፍር አይገባም ባይ ነኝ። በሌላ በኩል ሱረቱ አል-ፉርቃን 67ኛው አንቀጽ ከማባከንም ከመሰሰትም ያስጠነቅቃል። ችግሩ መካከሉ የት እንደሆነ ማወቁ ላይ ነው።

የእኔ ዓይን ያረፈው ባለ ደብል ጋቢና የናፍጣ ፒክአፕ ላይ ነበር። የወዳጄን ተውሼ ከጎባ ወደ ደሎ መና በሚወስደው መንገድ ሰነቴን ወጥቼበታለሁ። ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ ከጎኑ ያለው ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ይደርሳል። እዚያ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ከሲሶ በላይ ያነሰ ነው። ሮቤ እንኳን፣ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ፣ ሩቡን ያህል አጥተናል። ሞተር እንደ ሰው አየር ይተነፍሳልና ተራ ሞተር በዚያው መጠን ይደክማል። ቱርቦ ያለው ግን አየሩን በኃይል ስለሚጠቀጥቅ ድካሙ ያን ያህል አይታወቅም። ያ ፒክአፕ ዳገቱን ሲበላው የተሰማኝን ደስታ አልክድም።

ባለቤቴ እስክሪብቶና ወረቀት ይዛ ተቀመጠች።

«አምና ስንት ጊዜ ሰነቴ ወጣን?» አለችኝ።

«አንድ ጊዜ።»

«አጋርፋስ?»

ዝም አልኩ።

ሌላም ነገር ነበር። አዮ ከእርሻዋ ስንዴ ሽያጭ ለሐጅ ያጠራቀመችው ገንዘብ እኔ ዘንድ ነበር። አፍ አውጥቼ አልተናገርኩም እንጂ በልቤ ሒሳብ ውስጥ ያንንም ደምሬው ነበር፤ ያለ እሱ ፒክአፑ አይገዛም። እናት ናትና ሳልነግራት ገባት። «ውሰደው ልጄ፣ እኔ በሚመጣው ዓመት እሄዳለሁ» አለች። ዕድሜዋ 70 ሊሞላ ነው። ብትከለክለኝ ይቀለኝ ነበር።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ የጎደለውን በወለድ ተበደር አለኝ፤ ይህን ሳናነሳው ብንተወው ይሻላል። ከወለድ ነፃ አማራጭ እንዳለ አውቃለሁ። ዘምዘም ባንክ በ2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ሙራበሓ የሚለው ቃል በእኛም አካባቢ ይሰማል። ባንኩ ዕቃውን ገዝቶ በታወቀ ትርፍ ይሸጥልሃል። ሐላል ነው። ግን ሐላል ዕዳም ዕዳ ነው፤ ደመወዜን አውቀዋለሁ።

ስለዚህ ወደ ትንንሽ መኪኖች ወረድኩ። ዋጋቸው ግን ትንሽ አልነበረም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከውጭ በሚገቡ አሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጥሏል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከለከለ። በዚህ የተነሳ አገር ውስጥ ያለው አሮጌ ኮሮላ እንደ ሙሽራ ይጠየቃል። የኤሌክትሪክ መኪናስ? የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይተነፍስ ከፍታ አያደክመውም፤ ቁልቁለት ሲወርድም ባትሪውን መልሶ ይሞላል። ለደጋ ሰው የተፈጠረ ይመስላል። ነገር ግን እኛ ሰፈር መብራት ሲጠፋ ሻማ እንጂ መኪና አይነሳም።

መጀመሪያ የሞከርኩት 1 ሊትር ሞተር ያለው አውቶማቲክ ቪትዝ ነበር። ሜዳ ላይ ነዳጅ መጠጣቱ አይታወቅም። አራት ሆነን ከሮቤ ወደ ዲንሾ ስንወጣ ግን እግሬ ነዳጅ መስጫው ላይ እንደተተከለ ቀረ። ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናው ይሳባል፣ ቁጠባውም እዚያው ያልቃል። ትንሽ ሞተር ሁልጊዜ ቆጣቢ ነው የሚለው ሐሳብ ለአዲስ አበባ ሰው እንጂ ለእኛ አይሠራም።

ቀጥሎ ሁለት ኮሮላዎች አየሁ። ሁለቱም 1.3 ሊትር፣ ሁለቱም ባለ 5 ማርሽ ማንዋል። ረከስ ያለው ባለ ካርቡራተር ነበር። ጋራዥ ያለው ወዳጄ የጭስ ማውጫውን በጣቱ ጠረገና ጥላሸቱን አሳየኝ። ካርቡራተር ዝቅ ላለ አገር ከተስተካከለ እዚህ አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑን አይቀንስም፤ የተረፈው ጭስ ሆኖ ይወጣል። ኢንጀክሽን ያለው ግን አየሩን ለክቶ ይሰጣል። ሁለተኛውን ገዛሁ። የአዮ ገንዘብ ሳይነካ።

ደስታው ከየት ይመጣል ብትሉኝ፣ ከማርሹ ነው። ደካማ ሞተር ይዞ ዳገት መውጣት አሳብ ይጠይቃል፤ ኩርባው ሳይመጣ ማርሽ መቀነስ፣ ሞተሩን በሚወደው ዙር መያዝ፣ ፍሬን ሳይነኩ መግባት። ፒክአፑ ይህን ሁሉ እሱ ይሠራልሃል። ኮሮላዋ አንድ ቶን ገደማ ብቻ ስለሆነች መሪዋ ሲታዘዝ፣ አባቴ ጉልበቱን ጠጋ አድርጎ ፈረሱን ሲያዞር የነበረውን ይመስለኛል። ፉል እያስሞላሁ በለካሁት፣ በ1 ሊትር 13 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች።

ወጣት ሾፌሮቻችንን አንድ ነገር ልለምናቸው። ቁልቁለት ላይ ነዳጅ እንቆጥባለን ብላችሁ ማርሽ አውጥታችሁ በፎሌ አትልቀቁ። ኢንጀክሽን ያለው መኪና በማርሽ ሲወርድ፣ እግራችሁን ከነዳጅ መስጫው ካነሳችሁ፣ ነዳጁን ጭራሽ ይዘጋዋል፤ በፎሌ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ማቃጠሉን ይቀጥላል። ፍሬኑም ብቻውን ይቀራል፤ ሲግል ደግሞ አይዝም። ፍጥነትም እንዲሁ ነው፤ ከ80 ወደ 100 ስትሉ የነፋሱ ግፊት ከግማሽ በላይ ይጨምራል።

ኮሮላዋን ብቻ እንዳወድስ አይምሰላችሁ። ሆዷ መሬት ይነካል። ባለፈው ክረምት አጋርፋ ጥቁር ጭቃ ውስጥ ገብታ በትራክተር ነው የወጣችው፤ ከዚያ ወዲህ ዝናብ ሲበረታ ሮቤ አቁሜያት በሚኒባስ እሄዳለሁ። ሰነቴንም ከነቤተሰቤ ሞክሬዋለሁ። በአንደኛ ማርሽ ስንንፏቀቅ ትንሹ ልጄ «አባ፣ ወርደን እንግፋ?» አለ። ፒክአፑን ያን ቀን ተመኝቼዋለሁ።

አዮን ለሐጅ የሸኘኋት በዚህችው መኪና ነው። ሱብሒ ሰግደን ከአጋርፋ ተነሳን፤ በዲንሾ፣ በዶዶላና በአሰላ በኩል ወደ አዲስ አበባ። ጋቢና ተቀምጣ የመጓጓዣ ዱዓዋን ጨርሳ ዝም አለች። ዲንሾ አጠገብ፣ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ በተመዘገበው በባሌ ተራሮች ፓርክ ዳር፣ የደጋ አጋዘኖች መንገድ ሲያቋርጡ ቆምን። ካለፉ በኋላ ማርሽ አስገብቼ ኩርባውን ስጀምር አዮ ዞር ብላ አየችኝ።

«ምን ያስቅሃል?» አለች።

መሳቄን አላወቅኩም ነበር። «ምንም» አልኳት።

«አባትህም እንዲሁ ይለኝ ነበር» አለችና ሙስበሓዋን መቁጠር ጀመረች።