ዘር ከልጓም ይስባል?



በእኛ በመልካ ጀብዱ ሰፈር ልጅ ሲያስቸግር የሚሰጠው ፍርድ አጭር ነው፦ «ዘሩ ነው!» እኔም ሁለተኛው ልጄ ገና በሦስት ዓመቱ እኩዮቹን ሲነክስ፣ እጁ የገባውን ሁሉ ሲሰብር፣ «አያቱን ወጥቶ ነው፤ ዘር ከልጓም ይስባል» እል ነበር። አባቴ፣ አላህ ይዘንለትና፣ በቁጣው የታወቀ ሰው ነበር። ስለዚህ ልጁን በአለንጋ ልመልሰው ያዝኩ። ታላቁ በዚያው አለንጋ ጸጥ ሲል ታናሹ ግን ባሰበት።

አንድ ቀን አለንጋውን ሳነሳ ፊቱን በክንዱ ሸፈነ። እኔም በልጅነቴ ከአባቴ ፊት እንዲሁ ነበር የምሸፍነው። ለካ ከአባቴ የወረስኩት ደሙን ብቻ ሳይሆን አለንጋውንም ነው!

አንባቢ ሆይ! ዘር መሳቡን አልክድም። ልጁ በመልክ ያልመሰለው አንድ የገጠር ዐረብ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘንድ በመጣ ጊዜ ስለ ግመሎቹ ቀለም ጠይቀው፣ የሩቅ ዘር ስቦት ሊሆን እንደሚችል አስረድተውታል። ዳሩ ግን አሥር ልጆች እያሉት አንዱንም ስሞ ለማያውቅ ሰው፣ የማያዝን እንደማይታዘንለት የነገሩትም እርሳቸው ናቸው።

የዘመኑ ምርምርም ሁለቱን አያይዞ ያያል። በኒውዚላንድ ዱነዲን ከተማ 442 ወንዶችን ከልጅነት እስከ 26 ዓመታቸው የመረመረ፣ በ2002 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አለ። በአንጎል ውስጥ መልእክት የሚያቀብሉ ንጥረ ነገሮችን የሚያፈርሰው ኢንዛይም በዘረመላቸው ምክንያት ዝቅ ያለባቸው ልጆች፣ በልጅነታቸው ከተበደሉ ለጠበኝነት ይበልጥ ተጋልጠው ተገኙ። ያው ዘረመል ኖሯቸው ሳይበደሉ ያደጉት ግን እንዲያ አልሆኑም። ከዚያ ወዲህ የተደረጉት ጥናቶች ሁሉ ይህንኑ አላገኙም፤ አንድ ዘረመል ብቻውንም ጠባይን አይወስንም። ቢሆንም አንዱ አለንጋ በሁለቱ ልጆቼ ላይ ለምን ሁለት ፍሬ እንዳፈራ ጥቂት ገባኝ።

አለንጋውን ጣልኩ። እናቱ ቀፊራ ገበያ ስትውል በየቀኑ ለተገኘ ጎረቤት መስጠታችንን ትተን ከአክስቱ ጋር ብቻ አዋልነው። ማታ ማታ አቅፌው እቀመጣለሁ። ዛሬም ቁጡ ነው፤ ሲናደድ ግን ከእኔ አይሸሽም፤ ወደ እኔ ይመጣል።

ወንድሜ፣ እህቴ! የልጃችንን ዘር አልመረጥንም፤ እጃችን ግን የራሳችን ነው። ነገ የምንጠየቀውም ስለ እጃችን ነው። አላህ አማናውን ከሚጠብቁት ያድርገን። አሚን!