ደመወዝ የሌላት ወር

በአገራችን የወር ደመወዝ የሚቀበል ሰው ሁሉ ጳጉሜን ምን እንደ ሆነች ያውቃል። ዓመቱ ዐሥራ ሦስት ወር ሲሆን ደመወዙ ግን ዐሥራ ሁለት ነው። ስለዚህ አምስቱን ቀን፣ በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ደግሞ ስድስቱን፣ የነሐሴን ገንዘብ እያብቃቃ ይሻገራል። ስሟ ከግሪክ ቋንቋ የመጣ ነው፤ ትርጓሜውም «የተጨመረች» ማለት ነው። ዐሥራ ሁለቱ ወሮች ቢደመሩ 360 ቀን ብቻ ይሆናሉ። ጳጉሜን ባትጨመር ኖሮ ሃያ ዓመት ሳይሞላ እንቁጣጣሽ ክረምት ሳይገባ ትውል ነበር፤ አደይ አበባም አይገኝላትም ነበር። እንግዲህ ከወሮች ሁሉ ያነሰችውና ዋጋ ያልተቈረጠላት ወር ናት ዓመቱን በቦታው የምታቆመው።

ዕድሜም እንዲሁ ነው። የመንግሥት መምህር በ60 ዓመቱ ጡረታ ይወጣል። በየወሩ የሚቀበለው ገንዘብ ላለፈው ድካሙ የተሰጠ ነው እንጂ የዛሬውን ቀን የሚገዛው የለም። ማንም ስላልገዛውም «ምን ሠራህበት?» ብሎ የሚጠይቅ አይገኝም። ደወል አይደወልበትም፤ ዲሬክተር አይቈጣጠረውም። ብዙ ሰው ይህን ዕረፍት ይለዋል፤ እኔ በበኩሌ ፈተና ነው እላለሁ። የሰው ጠባይ የሚታወቀው ባልተከፈለበት ቀን ነውና።

በሚሲዮን ትምህርት ቤት በተማርሁበት ዘመን መምህራኖቻችን ዓመቱ ሲያልቅ አንድ ገጽ በመስመር ለሁለት አስከፍለው፣ በቀኝ ከሰው የተቀበልነውን፣ በግራ ለሰው የሰጠነውን ያስጽፉን ነበር። ይህ ልማድ እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። በየጳጉሜን ስጽፍ የምመለከተው ግን አንድ ነገር ነው፤ ዘወትር የቀኙ ይበዛል። ፊደል ያስቈጠሩኝ፣ ስንቅ የቋጠሩልኝ፣ ዛሬም ጉልበቴን ሲያመኝ ውሃ የሚቀዳልኝ የጎረቤት ልጅ፣ ሁሉም በቀኝ በኩል ተጽፈዋል። ከእነዚህ ብዙዎቹ ዐርፈዋልና ዕዳው ለእነርሱ ሊመለስ አይችልም። የሚመለሰው ከኋላ ለሚመጣው ነው።

የሽማግሌ የአዲስ ዓመት ስእለት በሁለት መንገድ ይበላሻል። አንዱ «ከእንግዲህ ወዲህ ምን ቀርቶኝ!» ብሎ ይተወዋል። ሌላው በመስከረም 1 ቀን ተራራ የሚያህል ነገር ይሳላል፤ መስከረም 16 ቀን ደመራው ሲለኰስ ስእለቱም አብሮ ይነድና በዓመቱ ከርሞ ጥጃ ሆኖ ይገኛል። የሚበጀው ግን ትንሽ የሆነ፣ ሊቈጠር የሚችል፣ ለሌላ ሰውም የሚተርፍ ሐሳብ ነው።

ለዚህ ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ አንሂድ። በጀማና በወንጪት መካከል ባለችው በእኛይቱ መርሐቤቴ «ሰዎች ለሰዎች» የተባለው ድርጅት ብዙ ዓመት ሠርቷል። መሥራቹ ካርልሄንዝ ቦም በአውሮፓ የታወቁ የፊልም ተዋናይ ነበሩ። በግንቦት 1973 ዓ.ም 53 ዓመታቸው ሳለ በጀርመን ቴሌቪዥን ቀርበው «ከተመልካቹ ከሦስት አንዱ እንኳ ለተቸገረው አንድ ማርክ አይሰጥም» ብለው ተወራረዱ። ውርርዱንም ረቱ። ነገር ግን በመርታታቸው ረክተው አልተቀመጡም፤ የተሰበሰበውን ገንዘብ ይዘው ወደ ኢትዮጵያ መጡ፤ በ1974 ዓ.ም ድርጅቱን መሥርተው በኤረር ሸለቆ ሥራ ጀመሩ። ከዚህ የምንማረው የገንዘቡን ብዛት አይደለም፤ ያ ገንዘብ በእጃችን የለም። የምንማረው ሰው ካምሳ ዓመቱም በኋላ ጀማሪ ሊሆን እንደሚችል፣ ትልቁም ሥራ በአንድ ሸለቆ እንደሚጀመር ነው።

በእኔ እጅ ያለው ጠመኔና ትዕግሥት ነው። ከ2015 ዓ.ም ወዲህ በአማራ ክልል በተነሣው ጦርነት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው እጅግ ብዙ ልጆች ከትምህርት ቀርተዋል። ዓመት የዘለለ ልጅ የሚያጣው ያመለጠውን ትምህርት ብቻ አይደለም፤ ተቀምጦ መማርንም ይረሳል። ጦርነቱን ማብረድ ከእኔ ዐቅም በላይ ነው። ያ ውሃ የሚቀዳልኝ ልጅ ማባዛትን ሳያውቅ እንዳያድግ ማድረግ ግን ከዐቅሜ በታች ነው።

ስለዚህ ለመጪው ዓመት የጻፍሁት ይህ ነው። በሳምንት ሦስት ቀን፣ በቀን አንድ ሰዓት፣ በደጄ ላይ አራት የጎረቤት ልጆች ንባብንና ሒሳብን አስተምራለሁ። መቆም ባልችል ተቀምጬ አስተምራለሁ። በሚቀጥለው ጳጉሜን እያንዳንዱ ልጅ አንድ ገጽ ሳይደናቀፍ ያነብልኛል። ደግሞም በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምሮ ለአራት በማካፈል የወንጌላዊውን ዘመን ይነግረኛል፤ ቀሪው አንድ ቢሆን ማቴዎስ፣ ሁለት ቢሆን ማርቆስ፣ ሦስት ቢሆን ሉቃስ፣ ቀሪ ባይኖረው ዮሐንስ። እኔ ያን ቀን ሳላይ ባርፍ እንኳ የተማሩትን ያህል ይዘውት ይሄዳሉ።

አንባቢ ሆይ! አንተም ዕድሜህ ወደ ስልሳ የተጠጋ ወይም ያለፈ እንደ ሆነ፣ በዚህ ጳጉሜን አንድ ወረቀት አንሥተህ በመስመር ለሁለት ክፈለው። ከዚያም በግራ በኩል የምትጽፈውን የአንድ ሰው ስም ፈልግ። ብዙ አያስፈልግህም፤ አንድ ስም ይበቃል።