ሁለት ካርቡራቶር ላንድ ሞተር፤ ትልቁን ነው ትንሹን?

እናንተዬ፣ የፍቅሩንና የቅናቱን ጨዋታ ለዛሬ እናቆየውና ስለ ካርቡራቶር እናውጋ። «ሴት ልጅና ካርቡራቶር ምን አገናኛቸው?» የምትሉ ካላችሁ ትንሽ ታገሱኝ። እኛ ቤት ሦስት ወር ሙሉ እናትን ከልጅ፣ እህትን ከወንድም ያኳረፈ ነገር ቢኖር ይኸው ቤንዚንና አየር የሚደባልቅ ብረት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባባ ሲያርፍ አንድ መርሴዲስ 230 ትቶልናል፤ የ1970 (እ.ኤ.አ.) ሥሪት ነው። ስድስቱ ሲሊንደሮች እንደ ተማሪ ሰልፍ ባንድ መስመር የተደረደሩለት፣ መጠኑ 2.3 ሊትር፣ ፋብሪካው 120 የፈረስ ጉልበት ብሎ የመሰከረለት ሞተር አለው። ታናሽ እህቴ ደግሞ ጥር ላይ ለሚውለው ሠርጓ «ከአባባ መኪና ሌላ አልገባም» ብላ ቁጭ! መኪናው ግን ቸርችል ጎዳናን ሽቅብ ሲይዝ ይንተፋተፋል፣ ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ ትራፊክ መብራት ላይ ሲደርስ ድርግም ይላል። ቬሎ የለበሰች ሙሽራ መኪና ስታስገፋ ይታያችሁ! እማዬ «ይሸጥና እንገላገል» አለች። አይፈረድባትም። ግን ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የቤንዚን የቤት መኪና ወደ አገር ማስገባት ተከልክሏል። ይሄ ከሄደ የአባባ እጅ ያረፈበት ሌላ ከየት ይመጣል?

አሜሪካ ያለው ታላቅ ወንድሜ ደወለ። «ካርቡራቶሩን እኔ እልካለሁ፤ አንድ ጊዜ ብቻ ነው ታዲያ! ሁለት ባለ 38 ዌበር አዛለሁ፣ ትልቅ ነው፣ ይስባል» አለኝ። እኔ «ቆይ» አልኩት። ጠባችን ከዚህ ይጀምራል።

ለመሆኑ አንድ ሞተር ሁለት ካርቡራቶር ምን ያደርግለታል? ስድስት ሲሊንደር ባንድ መስመር ያለው ሞተር ረጅም ነው። አንድ ካርቡራቶር መሃሉ ላይ ብታስቀምጡ ሦስተኛውና አራተኛው ሲሊንደር ከአፍንጫቸው ሥር ይጠጣሉ፤ አንደኛውና ስድስተኛው ግን ከሩቅ ነው የሚደርሳቸው። ቤንዚኑ መንገድ ላይ ከአየሩ ይለይና የቱቦው ግድግዳ ላይ ይቀራል። ትልቅ ማዕድ ላይ ዳር የተቀመጠ እንግዳ ወጡ እንደማይደርሰው ማለት ነው። ሁለት ሲሆኑ የፊተኛው ለፊተኞቹ ሦስት፣ የኋለኛው ለኋለኞቹ ሦስት ያድላል። ደግሞ ተአምሩን እዩልኝ! ሲሊንደሮቹ የሚተኩሱበት ተራ 1-5-3-6-2-4 ነው። አንዴ ከፊት፣ አንዴ ከኋላ፣ እንደገና ከፊት፣ እንደገና ከኋላ። ሁለቱ ካርቡራቶሮች እንደ ዘፋኝና ተቀባይ እየተቀባበሉ ይሠራሉ። ዳትሰን 240 ዜድም በሁለት ካርቡራቶር ነበር የወጣው።

ስለዚህ አንዱ የሰፈር መካኒክ «ሁለቱንም አውጥቼ አንድ የጃፓን ልግጠምልሽ» ሲለኝ እሺ አላልኩም። ደግሞስ «እቤት ወንድ የለም እንዴ፣ ከሱ ጋር ልነጋገር» የሚለኝን ሰው ምን ብዬ ልስማው!

ቄራ አካባቢ ወደሚሠሩ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ዘንድ ሄድኩ። እሳቸው መጀመሪያ ካርቡራቶሩን ጭራሽ አልነኩትም። ካንዴላ አወጡ፣ ፑንቲና አዩ፣ የስድስቱንም ኮምፕረሽን ለኩ። «ልጄ፣ ካርቡራቶር ነው ተብሎ ከሚመጣልኝ ግማሹ ፑንቲና ነው» አሉኝ። እናንተም ብር ከማውጣታችሁ በፊት ይሄንን አስደርጉ። የኛው ደህና ነበር፤ ካንዴላዎቹ ግን ጥላሸት ለብሰዋል።

ፋብሪካው የሰጠን ካርቡራቶሮች ዜኒት 35/40 ይባላሉ። እያንዳንዱ ሁለት ጉሮሮ አለው፤ ትንሹ ይቀድማል፣ ትልቁ ሞተሩ በሚስበው አየር ኃይል ኋላ ይከፈታል። ጤነኛ ከሆኑ እኔ ከነሱ ሌላ አልመርጥም። በሽታቸው ክዳናቸው ላይ ነው። ለዓመታት ከሞተር ሙቀት በላይ ተቀምጦ፣ አንዱ ጉልበተኛ ደግሞ ብሎኑን ከመጠን በላይ ሲያጠብቀው ክዳኑ ይጣመማል፤ ያልተጠራ አየር ይገባል፣ ሚኒሞው ይበላሻል። ሽማግሌው ክዳኖቹን ፈተው መስታወት ላይ ደፏቸው። ሲጫኗቸው አንድ እግሩ እንዳጠረ ወንበር ተንገዳገዱ። አንደኛው ይላግ ነበር። ሁለተኛው ግን ከዚህ በፊት ተልጎ ተልጎ የሚላግ ብረት አልተረፈውም። እንግዲህ ሌላ ጥንድ ግድ ሆነ።

ወደ ወንድሜ 38 እንመለስ። ካርቡራቶር ቤንዚን የሚስበው አየር በጠባብ ጉሮሮ ሲሮጥ ነው። ጉሮሮው ሲሰፋ አየሩ ይዝናናል፤ ቤንዚኑም እንደ ጉም መበተኑን ትቶ በጠብታ ይወርዳል። የ38ቱ ሁለት ጉሮሮዎች እኩል ነው የሚከፈቱት። የዌበር 32/36 ግን በ32ቷ ይጀምርና ጠንከር አድርጋችሁ ስትረግጡ 36ቷን ይጨምራል። እያንዳንዱ ካርቡራቶር የሚያበላው ሦስት ሲሊንደር ብቻ ነው፤ ከ1.2 ሊትር ያነሰ! በዚያ ላይ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሯ ባሕር ዳርቻ ካለው ሩብ ያህል ይሳሳል፤ የኛ 120 ፈረስም እዚህ ወደ 90 ገደማ ይወርዳል። በሰፊ መንገድ ሞተሩን እያስጮኸ ለሚበር ሰው 38ቱ ይሁንለት። በሠርግ አጀብ በአንደኛ ማርሽ ለሚያዘግም መኪና ግን የታላቅ ወንድም ጫማ ማድረግ ነው።

ይሄንን ሁሉ ብነግረው «አንቺ ደግሞ አሥራ ሁለተኛን ጨርሰሽ መቼ ነው ኢንጂነር የሆንሽው?» አለኝ። ሁለት ሳምንት አልተነጋገርንም። እህቴ መሃል ገብታ አለቀሰች። በመጨረሻ ቁጥሮቹን ወረቀት ላይ ጽፌ ፎቶ አንስቼ ላክሁለት። መልስ አልሰጠኝም፤ ዕቃው ሲመጣ ግን 32/36 ነበር።

ለምትገዙ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ጥንዱን ጥንድ አድርጋችሁ ግዙ። አንዱን ከሶማሌ ተራ፣ ሌላውን ከዘመድ ብታገኙ፣ አካሉ ላይ የተቀረጸውን ፊደል ሳታዩ ገንዘብ እንዳትሰጡ። ዲጂቪ እና ዲኤፍቪ የሚባሉት ሲያዩዋቸው መንታ ናቸው፤ የሚከፈቱት ግን በተቃራኒ አቅጣጫ ነው። ባንድ ዘንግ ብታስሯቸው አንዱ ሲከፍት ሌላው ልዝጋ ይላል!

ዌበሩ የዜኒቱ ቦታ ላይ እንዲያው አይቀመጥም። ቶርኖ ቤት ሁለት የአሉሚኒየም ሳህን ተሠርቶ መሃል ገባ። ቀጥሎ የጂግለር ነገር መጣ። ካርቡራቶር የአየሩን ብዛት እንጂ መሳሳቱን አይለይም፤ ለባሕር ዳርቻ በተለካው ጂግለር እዚህ ብትነዱ ቤንዚን ይበዛና ጭሱ ይጠቁራል። ሽማግሌው በትናንሽ ጂግለሮች አንድ አንድ ቁጥር እየቀነሱ፣ ቁልቁለት ሽቅብ እየነዱ፣ ካንዴላ እያወጡ አዩ። ጥላሸቱ ሄዶ የቡና ዓይነት መልክ ሲይዝ አቆሙ።

ከሁሉ የወደድኩት ማመሳሰሉን ነው። ሁለቱን የሚያገናኘውን ዘንግ ፈቱና አንድ ክንድ የምታህል የውሃ ጎማ ሰጡኝ፤ አንዱን ጫፍ ጆሮዬ ላይ፣ ሌላውን ካርቡራቶሩ አፍ ላይ። የፊተኛው «ሽሽሽ» ይላል፣ የኋለኛው ከሱ ቀጠን ያለ ፉጨት አለው። እሳቸው ብሎኗን በካቻቪቴ ሩብ ዙር አዞሩ። «አሁንስ?» «ገና ነው ጋሼ።» ትንሽ ጨመሩ። ሁለቱም ባንድ ድምፅ ተነፈሱ። ዘንጉን ሲያስሩት የሞተሩ መንቀጥቀጥ ቀጥ አለ፤ ኮፈኑ ላይ የተቀመጠ የሻይ ብርጭቆ እንኳን አልተንኳኳም።

ቸርችልን አሁን በሦስተኛ ማርሽ ይወጣል። ጠዋት ሲበርደው ትንሽ ያኮርፋል፣ እሱን እንችለዋለን። የሙሽራው ቤተሰብ ድሬዳዋ ስለሆነ መልሱ እዚያ ነው፤ ከተማዋ ወደ 1,200 ሜትር ገደማ ናት፣ አየሯ ወፍራም ነው። በአዲስ አበባው ጂግለር ሞተሩ ቤንዚን ያጥረዋል። ሽማግሌው ተለቅ ያሉትን በክብሪት ቤት አድርገው «የቆላ» ብለው ጽፈውበት ሰጥተውኛል። ዜኒቶቹን እማዬ በነጠላ ጠቅልላ ሳጥኗ ውስጥ ቆልፋባቸዋለች። ይሸጥ ያለችው እሷው ናት እኮ!

ወንድሜ ለሠርጉ ይመጣል። «መኪናውን የምነዳው እኔ ነኝ» ብሎ ከወዲሁ ደውሏል። እስካሁን መልስ አልሰጠሁትም። ቸር እንሰንብት!